በዓል አክባሪው ሳጥን

ታኅሣሥ 6፣ ረፋድ 5 ሰዓት

ዛሬም ሳጥን ተሸካሚ ነኝ። ባጃጁ ዳገቱ ሥር እምቢ አለ። ከዚያ ወዲያ በትከሻ። ዶ/ር ከኋላዬ ሌንሱን እንደ አራስ ልጅ በነጠላ ጠቅልላ ትከተለኛለች። ቀስ በል፣ ድንጋዩን እየው፣ እንዳታንገጫግጨው። እኔ ብወድቅ ግድ የላትም። ሳጥኑ እንዳይወድቅ ነው።

እትየ ደብተር፣ አንቺን ከሻንጣዬ ሥር ነው ያገኘሁሽ። የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ደብተሬ ነሽ። ፊትሽ ላይ ጥቂት ቀመር፣ ከዚያ በኋላ ንጹሕ፤ ልክ እንደ ጭንቅላቴ። ት/ቤቱን ያኔ ነው የተውኩት። ባጃጅ ነዳሁ፣ ባጃጁን ባለቤቱ ወሰደው። አሁን የእህቴ የውባለም ረዳት ነኝ።

ዶ/ር የምለው እሷን ነው። ገና አልሆነችም። ሟርት ነው፣ ተው ትለኛለች፤ ስለዚህ አልተውኩም።

ሁለት ሳጥን አላት። አንዱ እዚህ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ፣ የውሃ ታንከሩ ጎን። ሌላው ከሸለቆው ማዶ፣ የገጠሩ ት/ቤት ጣሪያ ላይ። መሃላቸው ሽቦ የለም። ዓይን የማያየው ብርሃን ይመላለሳል፣ በብርሃኑ ላይ ዳታ ተጭኖ። መጽሐፍ፣ ሥዕል፣ የሒሳብ ትምህርት። ይኼን ሌላውም ሠርቶታል ትላለች። የእሷ ጥናት ቁጠባው ላይ ነው። ሌላው መሣሪያ ወሬ ኖረውም አልኖረውም ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ይበላል። የእሷ ሲያወራ ብቻ ይበላል፤ ወሬ ሲያልቅበት ይተኛል። ትሪ በምታህል ሶላር ያድራል።

እኔ ሳላወራም እበላለሁ አልኳት። ስታወራም ትበላለህ አለችኝ።

የመጀመሪያውን መልእክት እንድልክ ፈቀደችልኝ። በዚህ ሸለቆ በብርሃን ተጭኖ የሚሄድ የመጀመሪያ ቃል። ትንሽ አሰብኩ። ጻፍኩ። ላክሁ። ማዶ ያለው መምህር ኮምፒዩተሩ ላይ ያነበበው፦ ከዕረፍት በኋላ ትምህርት የለም። ዶ/ር መድረሱን አይታ አጨበጨበች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ተማሪው እንደ ጎርፍ ሜዳውን ሞልቶ ሲወጣ ከዚህ ታየን። ከዚያ ያልኩትን አነበበች።

እየሮጥኩ ነው የምጽፍልሽ።

ታኅሣሥ 9፣ ማታ

ዛሬ ሳጥኑን አስጮህኩት።

ዶ/ር ላፕቶፑ ላይ ተተክላለች። አንዲት መስመር አለች፣ የባትሪ ፍጆታ ናት። እኔ ከሳጥኑ ፊት ተቀምጫለሁ። መዳፌን ሌንሱ ላይ ጣል አደረግሁ። መስመሯ ሽቅብ ወጣች። እጄን አነሳሁ። ወረደች። መለስሁ። ወጣች። ዶ/ር ሽቦ ትነቅላለች፣ ሽቦ ትሰካለች፣ ከራሷ ጋር ታወራለች። ማዶ ያለው ሳጥን አላየሁህም ሲለው የኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ብርሃን ይጨምራል፤ ብርሃን ሲጨምር ባትሪ ይበላል፤ ግን ምን ጋረደው? ለእኔ እኮ ነው የምታስረዳኝ። በቁም ነገር ራሴን ነቀነቅሁ፣ በመዳፌ ጋርጄ።

ያጋለጠኝ ሳቄ ነው። የወረወረችው ጫማ ሳተኝና ታንከሩን መታው።

ወደ ከተማ ስንወርድ ነገሩን አወጣችው። ፕ/ሩ ደውሎላት ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው አስተማሪዋ። የተሰጣት ጊዜ አልቋል። ከጥምቀት በፊት ባትሪው አንዴም ሳይሞት ሙሉ ሳምንት ከሠራ ጥናቷን ታቀርባለች። ካልሠራ ይዘጋል። ዶክትሬት የለም። ተምራ ነበር የሚል ወረቀት ይሰጧታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ሲከፋት ነው እንዲህ ጥርሷ የሚበዛ።

እሷ እንዳታይ መዳፌን ሁለት ሦስቴ በጥፊ መታሁት።

ታኅሣሥ 13፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ትናንት ሳጥኑ ሲያምርበት ዋለ። ዶ/ር ዘፈነች። ድምፅ የላትም፣ ግን ዘፈነች።

ዛሬ ባትሪው ሞተ። ፀሐይ እንዲህ እየነደደች ሞተ።

ታኅሣሥ 15፣ ማታ

ትናንትም ሞተ። ዛሬም ሞተ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ። ሌንሱን ወለወለች፣ ባትሪውን ለወጠች፣ ሶላሩን አዞረች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

እኔ አይደለሁም አልኳት። አላመነችም። በማርያም አልኳት። እጄን አሳየኋት። የባሰ።

ነገ ፍኖተ ሰላም ሂድና እናታችን ዘንድ ተቀመጥ አለችኝ። እትየ ደብተር፣ ባደረግሁት ብከሰስ ለምጄዋለሁ። ባላደረግሁት ሲሆን ለካ እንዲህ ይቆጠቁጣል። አልወደድኩትም።

ታኅሣሥ 16፣ ፍኖተ ሰላም

ደወለች። ዛሬ ሳጥኑ ያለ እንከን ዋለ። አየህ? አለች። ስልኩ ድምፁ ክፍት ነው፣ እናታችን ትሰማለች። ተፈረደብኝ። እናታችን ሽሮውን አቀረበችልኝና የእህትህን እንጀራ ልትዘጋ ነው ወይ ብላ ቆመችብኝ። ሽሮው ጣፋጭ ነበር፤ በኩርፊያ በላሁት።

ታኅሣሥ 17፣ ፍኖተ ሰላም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ደወለች። ሞተ። የት ነህ አለችኝ፣ በቀጭን ድምፅ። እናታችን ስልኩን ነጠቀችኝ። ወዴት ይሄዳል፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዓይኔ አልራቀም፣ ይኸውና ይበላል።

እስክስታ ወረድኩ። ባትሪው ሞተ ብዬ መጨፈሬ ነው፤ እትየ፣ ይቅር በይኝ። «ወንድማለም፣ ይቅርታ» እንድትለኝ ጠየቅሁ። አለች። መስመሩ ይቆራረጣል አልሰማሁም አልኳት። ደገመች። እናታችንም ትስማ አልኩ። ሦስተኛውን በስድብ አጅባ ሰጠችኝ። ነገ እመለሳለሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ

ትናንት ሠራ። ትናንት ቅ/ገብርኤል ነበር፣ ቡሬ በነጠላ ነጭ ብላ ዋለች። ዛሬ እንዴት እንደሚሆን ተቀምጠን እንጠብቃለን። ዶ/ር የቀኖቹን መስመር ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ዘርግታለች፦ ወጣ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ወጣ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ላስቃት ፈለግሁ።

ምን ትጨነቂያለሽ፣ ሳጥንሽ በዓል ያከብራል አልኳት። በሚካኤል ደኅና፣ በኪዳነ ምሕረት ደኅና፣ በገብርኤል ደኅና። የሚሞተው በሥራ ቀን ነው። እንደኔ።

አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ። እሑድስ? አለች። ላፕቶፑን ጎረጎረች። እሑድም ደኅና። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝና፣ በበዓል ቀን እዚህ አገር ሰው ምን አይሠራም? አለች። ምን ይሠራል በያት እስቲ፣ እትየ። አይታረስም አልኳት፣ አይወቃም፣ እንጨት አይፈለጥም...

ተነሥታ ሳጥኑ ላይ ባለችው ማነጣጠሪያ አጮለቀች። ቆየች። ና እይ አለችኝ።

ከሸለቆው መሃል አንዲት ጉብታ አለች፣ ብርሃናችን ልክ በአናቷ ያልፋል። አናቷ ላይ አያ ስሜነህ የሚባሉ ገበሬ አውድማ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሣ። እሱ ሲነሣ ገበሬው የተወቃውን ጤፍ በላይዳ፣ በእንጨት አካፋው፣ ወደ ሰማይ ይበትናል። ፍሬው ይወርዳል፣ እብቁ ይሄዳል። የት ይሄዳል? የእህቴ ብርሃን ውስጥ። ወርቅ የመሰለ ደመና። ሳጥኑ የተጋረደበትን አያውቅ፣ አልሰማኝም ብሎ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ።

ቀኑን ሙሉ ለእብቅ እኮ ነው የሚጮኸው አለች። መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቋ መጣ። እኔም። ታንከሩን ተደግፈን ሆዳችን እስኪያመን።

9 ሰዓት ላይ ሞተ። አጨበጨብንለት።

ታኅሣሥ 21፣ ማርያም፣ ማታ

ከቅዳሴ መልስ አያ ስሜነህ ቤት ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፣ እንደ አጋም እሾህ ቀጭን። ዘራቸው ከአዊ ነው። ለበሬዎቻቸው በአገውኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ለፈጣሪያቸው በግዕዝ ያወራሉ።

ዶ/ር መሬት መሬት እያየች አስረዳቻቸው። አባቴ፣ እርስዎ አያዩትም እንጂ ብርሃን አለ በአውድማዎ ላይ የሚያልፍ። ሰሟት። ብርሃኑ ከእህሉ የሚወስደው አለ? አሉ። የለም። እህሉስ ከብርሃኑ? አዎ፣ ይጋርደዋል። እንግዲያ በዳዩ እኔ ነኛ፣ አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ደስ ብሏቸዋል።

ጠዋት ጠዋት ቢያዘሩትስ? አለች። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ነፋስን የሚያዝ ሰው ካገኘህ እኔንም አስታርቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ስጠናው ነው የኖርኩት።»

አውድማውን ማዛወር አይታሰብም። በእበት ተለቅልቋል፣ ተባርኳል፣ ምርት አርፎበታል። ሥራውም ይዘገያል፤ ልጆቻቸው ከተማ ናቸው፣ ብቻቸውን እስከ ጥምቀት ይሄዳል። እጅ ቢገኝ ግን በአንድ ቀን ያልቃል።

ዶ/ር ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ሂድና ሰው ለምንልኝ፣ ደቦ በላቸው፣ ምግቡንም ጠላውንም እኔ አሰናዳለሁ። ከቤ/ክ ደጅ ሰው ገና አልተበተነም። ሄድኩ።

አሁን ምሥጢር ልንገርሽ፣ ጠጋ በይ። ደቦ አላልኩም። ወንፈል አልኩ።

ልዩነቱን ታውቂያለሽ። በደቦ ሰው ሠርቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። በወንፈል ግን ዛሬ የሰጠሁህን ቀን አንተም በተራህ በገዛ እጅህ ትመልስልኛለህ። ዶ/ር ውባለም በየአውድማችሁ መጥታ ቀናችሁን ትመልሳለች አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ዶክተር አውድማ ላይ? መጀመሪያ የሳቁት እማ የሺ ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ እርሻቸውን ራሳቸው የሚያሠሩ ብርቱ ሴት። ሴት ላይዳ ስትይዝ የት ታየ ብሎ አንዱ አጉረመረመ። «እሷ ምን ሴት ናት፣ ዶክተር ናት። እኔን ያዘኝ» አሉ እማ የሺ። ከዚያማ ሁሉም ያዘኝ ያዘኝ።

ዶ/ር ስንት ሰው እሺ አለ ስትለኝ የሕዝቡ ፍቅር አስገረመኝ አልኳት።

ታኅሣሥ 22፣ ጀንበር ስትገባ

ምን ዓይነት ቀን ነው እትየ። በሬ እየዞረ፣ ጭዱ በመንሽ እየተወረወረ፣ ሰው እየተቀባበለ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይገባል። የጾም ወጥ፣ ባቄላ፣ ጠላ። ከሰዓት ነፋሱ መጣ፣ ላይዳዎች ባንድ ላይ ተነሡ፣ ሰማዩ ቢጫ ሆነ። እኔ ጥላ ሥር ሆኜ ሰው አበረታታሁ። አንድ ሰው ማበረታታት አለበት።

አያ ስሜነህ የመጨረሻውን ጤፍ አስገቡ። ዶ/ርን ግንባሯን ሳሟት።

ታኅሣሥ 23፣ ቅ/ጊዮርጊስ፣ ዋርካ ላይ

ይኼን የምጽፍልሽ ዋርካ ላይ ተሰቅዬ ነው። ዶ/ር ከሥር ቆማለች።

ከቅዳሴ በኋላ የረዱንን ሰዎች አንድ ባንድ ልታመሰግናቸው ሄደች። ምን ምስጋና፣ የእኔ ተራ ከነገ ወዲያ ነው አላት አንዱ። እሺ አለች፣ ሳይገባት። ቀጣዩ፦ የእኔ ደግሞ በማግሥቱ ነው፣ በጠዋት ነይ። ፈገግ አለች። እማ የሺ፦ የእኔ ዘግይቶ የተዘራ ነው፣ ለመጨረሻ አቆይልሻለሁ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። ያን ጊዜ ፈገግታዋ ደረቀ። አንገቷ ቀስ ብሎ ሲዞር አየሁ፣ እኔን ፍለጋ። ዋርካው ቅርብ ነበር።

ጫማ መወርወር አትችልም፣ የቤ/ክ ቅጥር ነው። ውረድ ትላለች በሹክሹክታ። አልወርድም እላለሁ በሹክሹክታ። አያ ስሜነህ በዚያ ሲያልፉ አቤት አለቻቸው። እኔ ደቦ ነበር ያልኩት፣ ይሄ ልጅ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። የተናገሩት ለሁለታችንም ፍርድ ነው፦ «ወንፈል ከተበላ ወዲያ አይሻርም። ልጁን ግን ሲወርድ ግረፊው።»

ጨለማ እስኪሆን እዚሁ ነኝ።

ታኅሣሥ 25

ሞተ።

የአያ ስሜነህ አውድማ ባዶ ነው፣ ተጠርጓል። ሳጥኑ ግን ሞተ። ከእሳቸው ወዲህ ሌላ አውድማ፣ ከእሳቸው ወዲያ ሌላ። ነፋሱ የሁሉንም እብቅ ሰብስቦ ያመጣዋል። ሸለቆው በሙሉ እየወቃ ነው። ሸለቆን በሙሉ ወንፈል አልጠራበትም።

ዶ/ር ከታንከሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። አልሰደበችኝም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ስድቧን ናፈቅሁ።

ከዚያ ተነሣች። ሻሿን አጠበቀች። ወዴት ነው አልኳት። ቀኔን ልመልስ አለች። የመጀመሪያው ተራ ዛሬ አይደል? ጀንበር ሳትገባ ልድረስ። ጥናቴ ቢዘጋም ቃሌ አይዘጋም።

በእኔ ቀልድ ምክንያት እኮ ነው የምትሄደው። ሳጥኑን ልጠብቅ ብዬ ቀረሁ። ሳጥኑ የሚጠበቅ አልነበረም።

ታኅሣሥ 26፣ ጀንበር ስትገባ

ልቤ ሊፈነዳ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ዛሬ የሁለተኛው ሰው አውድማ። አያ ስሜነህም የወንፈላቸውን ሊመልሱ መጥተዋል። ዶ/ር ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ መዳፏ በትናንቱ ቆስሏል። ከሰዓት ላይዳ ሰጧት። ሞልታ አነሣች፣ በተነች። ነፋስ የለም። ጤፍና እብቁ ተመልሶ ራሷ ላይ። ቅንድቧ ሳይቀር ጤፍ ሆነ። የሳቅሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በሬዎቹም ቆመው አዩዋት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ አያ ስሜነህ። ነፋሱ ይምጣ። እስኪመጣ ዝም ብለሽ ቁሚ፤ መቆምም ሥራ ነው።

ቆመች። ጉንጯን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ እንደሳቸው። መጣ፤ በተነች። ቆመ፤ ቆመች። መጣ፤ በተነች። እጇ እየለመደ ሄደ። ከዚያ ላይዳዋ አየር ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ጤፉ አያ ስሜነህ ራስ ላይ ይፈስሳል፣ አላየችም።

እኔ እኮ ነኝ ሞኟ፣ አለች።

ከአውድማው ዳር ጠርታኝ እየተንተባተበች ነገረችኝ፦ ሳጥኑን ያስተማርኩት ሲጋረድ እንዲጮህ ነው። ለምን ይጮሃል? መጽሐፉ አይበሰብስ፣ ሥዕሉ አይገማ። እነዚህ ነፋስ እስኪመጣ ይቆማሉ፤ የእኔ ደግሞ ነፋሱ እስኪሄድ ይቁም። እብቅ ሲመጣ ወሬውን ሰብስቦ ይተኛ። ሰማዩ ጠራ ሲል ባንዴ ያፍስሰው። በነፋስ መሃል እንኳን ክፍተት አለ፣ አሁን እጄ ያውቀዋል።

ይኸው ትሩጥ ብዬ ባጃጅ ልጠራ ስነሣ አያ ስሜነህ ላይዳቸውን አሻግረው መንገድ ዘጉ። ፀጉራቸው ላይ አሁንም ጤፍ አለ። «ሐሳብሽ የትም አይሄድም፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው። ጀንበሯ ግን ትሄዳለች። ቀኑ የሰውየው ነው።»

እስከ ማታ በተነች። በየመሃሉ ብቻዋን ትስቃለች።

ታኅሣሥ 28

ሁለት ቀን ከላፕቶፑ አልተነሣችም። አዲሱን ትእዛዝ የጻፈችበትን ፋይል ላይዳ ብላ ሰይማዋለች። ሥራው ሲያልቅ ጠራችኝ። ሳጥኑ ፊት ተቀመጥ አለች። ተቀመጥሁ። መዳፍህን ሌንሱ ላይ አድርግ።

ወጥመድ መሰለኝ። አላደርግም አልኩ። አድርግ፣ እብቅ ያስፈልገኛል፣ በዚህ ሰዓት የማውቀው እብቅ አንተ ብቻ ነህ።

እትየ ደብተር፣ ክፋቴ በይፋ ሥራ ሆነ። ጋረድኩ፣ ለቀቅሁ፣ ጣቴን አወዛወዝኩ፣ ባርኔጣ ወረወርኩ። መስመሯ አልወጣችም። እጄ ሲመጣ ሳጥኑ ዝም፣ እጄ ሲነሣ ቅልብ አድርጎ ያፈስሳል። አታለልኩት፣ አልተታለለም። በሕይወቴ ያልተናደደልኝ የመጀመሪያው ፍጡር።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ጥናቱ ለሳጥኑ ተተወ። የገናውን ኳስ፣ ሩሩን መታን። ዶ/ር ካህን የተባለ፣ መምህር የተባለ ሳትለይ በዱላዋ ቁርጭምጭሚት አመሰች። ላይዳ ብንሰጣት ይሻል ነበር አሉ አያ ስሜነህ። ዶሮ ወጡ ላይ ሁለታችንም ተኛን። ሳምንቱ ከነገ ይጀምራል።

ጥር 2፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ከፕ/ሩ ጋር ያወራሁት እኔ ነኝ።

ፕ/ሩ ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ያያል፣ ት/ቤቱ የሚቀበለውን ሁሉ። ዶ/ር የወንፈል ተራዋ ነው፣ አውድማ ላይ ናት፤ ስልኳን እኔ ይዣለሁ። ከሰዓት ነፋሱ እንደ እብድ ተነሣ። ሸለቆው ቢጫ። ሳጥኑ ተኛ። ቆየ። እንደተኛ ቆየ። ት/ቤቱ ምንም አይደርሰውም። ስልኩ ጮኸ። ፕ/ሩ።

እንግሊዝኛዬን ታውቂያለሽ፣ ፊትሽ ላይ አለ። ሰውየው ተቆርጧል፣ አልቋል ነገር ይለኛል መሰለኝ። ፕሊስ ዌይት አልኩት። ለምን አለኝ። ዊንድ አልኩት። ምን አለኝ። ቢግ ዊንድ፣ ስሞል ጤፍ፣ ፕሊስ ዌይት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ መቆምም ሥራ ነው ተብሏል። ስልኩን አልዘጋውም፣ እኔም አልዘጋሁም፤ ሁለታችንም ስንተነፍስ እንሰማማለን።

ነፋሱ ዝቅ አለ። እብቁ ተቀመጠ። ሳጥኑ ነቃ። የሰበሰበውን ሁሉ፣ መጽሐፍ በሙሉ፣ ባንድ ትንፋሽ አወረደው። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነው።

ፕ/ሩ ስልኩ ውስጥ ሳቀ። ማን ነህ አለኝ። ሐርድዌር አልኩት። እሷ እንደዚያ ትለኛለች፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጥር 7፣ ሥላሴ፣ ማታ

ሳምንቱ ሞላ። አልሞተም። አንዴም።

ፕ/ሩ መልእክት ጻፈ፣ ዶ/ር አነበበችልኝ። የጥናትሽ ልብ መቆጠቡ ሳይሆን መጠበቁ ነው፣ ይዘሽ ነዪ፣ ከነገ ወዲያ በሰዎቹ ፊት አቅርቢ። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ እናታችን ደውላ እልልታዋ ጆሮዬን ዘጋው። እሺ ብርሃንሽ ይሄን ያህል ከታዘዘሽ ባልስ መቼ ነው አለች። ዶ/ር ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ፤ ነፋስ ነው፣ ፕሊስ ዌይት አልኳት።

ነገ በጠዋት ትነሣለች። ሳጥኖቹ ይቀራሉ፤ ት/ቤቱ መጽሐፉን ይቀበል፣ እኔ ሌንሱን እወለውላለሁ። እንዳትነካው አላለችኝም። እንዳትነካው ሳትለኝ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው።

ሻንጣዋን ስትዘጋ ግን ቆመች። እማ የሺ! አለች። የሁሉንም መልሳለች፤ የቀሩት እማ የሺ ናቸው፤ ተራቸው ነገ። ወንፈል በልታ ሄደች ሊባል ነው። ለፕ/ሩ ልደውልና ቀኑን ላዛውረው? በእውነት ስልኩን አነሣች። ለስንት ዓመት የደከመችበትን ነገር ለአንድ ቀን ላይዳ ልታዛውር። ያን ቀን ቤ/ክ ደጅ ላይ ወንፈል ስል እየሳቅሁ ነበር። አሁን አልሳቅሁም።

ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። ተዪው፣ ሰው አግኝቻለሁ አልኳት። ማን? አንድ ጎበዝ። ቦዘኔ አይደለም? ሲያስፈልግ ይሠራል። ስሙን ንገረኝ። አታውቂውም አልኳት።

አታውቀውም እኮ። እኔም አላውቀውም።

ጥር 8፣ ገና ሳይነጋጋ

አውቶቡሱ ሄደ። በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ ያን ጎበዝ በደንብ አብላው አለችኝ። አበላዋለሁ አልኩ።

አሁን እማ የሺ አውድማ ዳር ነኝ። አያ ስሜነህ ቀድመውኛል። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ ሰው ፈለጉ፤ የለም። ከላይዳዎቹ ከባዱን መርጠው ለእኔ አስቀመጡ። እማ የሺ ግን አፋቸውን አልያዙም፦ «ያ ዋርካ ላይ የሚያድረው ልጅ ነው? ኧረ ዛሬ በሬዎቹም ያርፉ፣ እሱ ብቻውን ያበራይልኝ።»

ጫማዬን አውልቄያለሁ። መሬቱ ይቀዘቅዛል። አንቺን ከጫማዬ ጋር ትቼሽ ልገባ ነው፣ እትየ። ማታ መዳፌ ከቻለ እጽፍልሻለሁ። ለዶ/ር ግን ማን እንደነበረ እንዳትነግሪ፤ ከቀልዶቼ ሁሉ ሳይታወቅብኝ እንዲቀር የምፈልገው ይሄን ነው፣ እሷ ዶክተር ሆና ስትመለስ ምናልባት እኔ ራሴ

እየጠሩኝ ነው። በሬዎቹ ገቡ።